ስምና ተውላጠ ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። እንዲህ ይበል እንጂ፣ ያው ሰው መልአክ አወጣው የሚለውን ስም በዕድሜው ዘመን ሁሉ ሲጨምርበትና ሲለውጠው ኖሯል። ወላጆች ለሕፃኑ የሚያወጡለት የዓለም ስም አለ። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ ካህኑ የሚሰጣቸው የክርስትና ስም አለ። ጦረኛ የሆነ እንደሆነ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ሙሽራይቱም በአንዳንድ አገር ከባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ዙፋን የወጣ በዘውድ ስሙ፣ ቆብ የደፋ በምንኵስና ስሙ ይታወቃል። እንግዲህ ከመቃብር በላይ የሚውል ስም ነው ሲባል፣ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ከመቃብር በላይ ሊውል የሚገባው የትኛው ነው?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ዛሬ የሰውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ወይም የታወቀ ሊቅ ብቻ አይደለም። «ውክፔዲያ» በተባለው፣ ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ተማሪውም፣ መምህሩም፣ የባንክ ሠራተኛውም የታሪክ ጸሐፊ ለመሆን በቅቷል። እኔ በምኖርበት በመገናኛ አካባቢም ይህን ሥራ በትርፍ ጊዜያቸው የያዙ ጥቂት ወጣቶች አሉ። መገናኛ እንደ ስሙ ነው። ከኮተቤ፣ ከቦሌና ከመሐል ከተማ የመጣው ሁሉ እዚያ ይወርዳል፣ እዚያ ይሳፈራል፤ ከግርግሩ በላይ ደግሞ የየካ ተራሮች ባሕር ዛፋቸውን ለብሰው ወደ እንጦጦ ይዘልቃሉ። ከወጣቶቹ ጋር ስለ ቴአትር ሰዎች ሕይወት ስንጨዋወት የተነሣ አንድ ክርክር ነው ይህን ጽሑፍ የወለደው። ክርክሩን ከመናገሬ በፊት ግን ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ማየት ይሻላል።

ከነገሥታቱ እንጀምር። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ ቴዎድሮስ ሆኑ። ካሣ ምርጫ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ሆኑ። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም የነበረው የሸዋው ንጉሥ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚሁ በእንጦጦ፣ በማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ተብለው የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ጫኑ። የወሎው መሐመድ ዓሊ ደግሞ በ1870 ዓ.ም. ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ያ ለውጥ የዘውድ ሳይሆን የእምነትና የዘመኑ ፖለቲካ ለውጥ ነበር። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የያዙት ስም አዲስ አልነበረም፤ ክርስትና ሲነሡ የተሰጣቸው ኃይለ ሥላሴ የሚለው ስም ነበር። የተተወው የተፈሪ ስምም ቢሆን አልሞተም። ውቅያኖስ ተሻግሮ ጃማይካ ደረሰና፣ «ራስ» ከሚለው ማዕረጉ ጋር ተጣብቆ የአንድ እምነት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሰው ስሙን ትቶት ቢሄድ፣ ስሙ በበኩሉ ሌላ መንገድ ይዞ ሊጓዝ ይችላል ማለት ነው።

እነዚህን ታላላቆች በተመለከተ ጸሐፊው ብዙ አይቸገርም። ችግሩ የሚብሰው ስሙ የሰውየውን ዕጣ ራሱን በሚናገርበት ጊዜ ነው። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሕይወት እንመልከት። በ1857 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ገና የአራት ዓመት ያህል ልጅ ነበሩ፤ ወላጅ አጥተው የተገኙትን ሕፃን የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው። ካሳደጓቸው መኰንኖች ስም ተውጣጥቶ ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። በዚሁ ስም ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ፣ በዚሁ ስም በርማ ውስጥ አገለገሉ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው መጡ፤ ዘመዶቻቸው ካወቋቸው በኋላ የተወለዱበትን ስም መልሰው አገኙ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ሲሟገቱ ግን፣ የእንግሊዝ ጋዜጦች የሚያውቋቸው «ዶክተር ማርቲን» ብለው ነበር። እንግዲህ የሕይወት ታሪካቸው በየትኛው ስም ይከፈት? «ቻርልስ ማርቲን»ን ብንሰርዘው ላሆርንና በርማን፣ ምርኮኛነቱንም ሰረዝን። «ወርቅነህ»ን ወደ ኋላ ብናደርገው ደግሞ፣ ሰውየው በስንት መከራ መልሰው ያገኙትን ነገር እንደገና ነጠቅናቸው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ርእሱ መልሰው የያዙት ስም ይሁን፤ የተጫነባቸው ስም ከነዘመኑና ከነምክንያቱ በቦታው ይነገር።

እዚህ ላይ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ማስታወስ ይገባል። በእንጦጦ ራጉኤል የተማሩት እኒህ ሊቅ በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ፣ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን አስበው ነበር። ይህ ሐሳብ ዛሬም ለሥራችን ደንብ ሊሆነን ይችላል። የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው ሰውየውን ለሚያውቁት አይደለም፤ ፈጽሞ አይተውት ለማያውቁት ነው። የኋላው ልጅ በመዝገብ አንዱን ስም፣ በመቃብር ድንጋይ ሌላውን ስም ያገኛል። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚነግረው ከሌለ፣ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ያስበዋል፤ ወይም አንዱን ጨርሶ ያጣዋል።

ባዕድ ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ዓይነት ለውጥ ያመጣብናል። እኛ የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፤ የአባታችን ስም የአባታችን ነው። የአውሮፓ ጋዜጣ ግን የኋለኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግር የተገኘውን የማራቶን ድል ለአባት ለቢቂላ አስረከበው። አበበ የሚለው ስም እንደ ተቀጽላ ከኋላ ተከተለ። በአንጻሩ ሐምቡርግ ላይ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የተዘጋጀው «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ» ኢትዮጵያውያንን በየራሳቸው ስም አሰልፏል። ለባለቤቱ ልማድ መታዘዝ የሚቻል መሆኑን ይህ ያሳያል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ስም ነው። ስሙን የሚተካው ትንሹ ቃል ግን ከስሙ የበለጠ ያስቸግራል። ሰዋስዋችን «ተውላጠ ስም» ይለዋል፤ የስም ምትክ፣ የስም ለዋጭ ማለት ነው። አማርኛ «እሱ» እና «እሷ» ብሎ ወንድና ሴትን ይለያል፤ «አንተ» እና «አንቺ» ብሎም ይለያል። ክብር ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። «እርሳቸው» ወንድ ናቸው ወይስ ሴት? «እርስዎ»ስ? «አንቱ»ስ? ቃሉ አይናገርም። አማርኛ ሰውን ባከበረ ጊዜ ጾታውን መጠየቅ ይተዋል። ይህ ዕለት በዕለት በአፋችን የምናመላልሰው፣ ነገር ግን ልብ ያላልነው የቋንቋችን ጠባይ ነው። እንግሊዝኛ ወንድና ሴትን ይለያል እንጂ ታላቅና ታናሽን አይለይም፤ ስለዚህ ከእንግሊዝኛ የሕይወት ታሪክ የሚተረጉም ወጣት በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ ምንጩ ያላዘዘውን ፍርድ ከራሱ ለመስጠት ይገደዳል። «ተወለደ» ይበል ወይስ «ተወለዱ»?

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። «ዳግማዊ ምኒልክ በአንጎለላ ተወለዱ» ብለን ስንጽፍ ማንም አይስቅም። በአንጎለላ የተወለደው ሕፃን ያን ቀን ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ አልነበረም፤ ለሕፃንም «ተወለዱ» አይባልም። ነገር ግን የሕይወቱ ፍጻሜ የደረሰበትን ስምና ክብር ወስደን እስከ አንቀልባው ድረስ ወደ ኋላ እናለብሰዋለን። ከላይ የአራት ዓመቱን ምርኮኛ «ወሰዷቸው» ብዬ የጻፍኩትም በዚሁ ልማድ ነው፤ አንባቢም የተደናቀፈ አይመስለኝም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሌላው ዓለም ኢንሳይክሎፒዲያ አዘጋጆች በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ተከራክረዋል። ታዋቂው የብሪታንያ ጸሐፊ ጃን ሞሪስ በ1953 እ.ኤ.አ. የኤቨረስት ተራራ መወጣቱን ለለንደኑ «ታይምስ» ያበሠሩት ጄምስ ሞሪስ በሚባል የወንድ ስም ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. ወደ ሴትነት ተሻገሩ፤ ከዚያ ወዲያ የጻፉትን ሁሉ ጃን ብለው ፈረሙ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የጸናው ደንብ፣ ሰው በመጨረሻ ስለ ራሱ በተናገረው ስምና ተውላጠ ስም መላ ሕይወቱ እንዲጻፍ፤ የቀድሞው ስም ደግሞ ሰውየው በእርሱ ታውቆ ከነበረ ብቻ እንዲጠቀስ ያዛል። ስለ ነገሩ እያንዳንዱ አንባቢ የየራሱ አስተያየት ይኖረዋል። እኔ የማመለክተው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች በ«እርሳቸው» ጻፍኳቸው፤ እንግሊዝኛውን ያን ያህል ያወዛገበው ምርጫ በአማርኛ አንድ ጊዜ እንኳ አልገጠመኝም። ወደ ኋላ ማልበሱም ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በስንክሳራችንም ጥር 21 ቀን የምትታሰበው ቅድስት ኢላርያ አለች። የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ስትሆን በወንድ ልብስ ወደ አስቄጥስ ገዳም ገባች፤ መነኮሳቱም ኢላርዮን ብለው እንደ ወንድም አኖሯት። የሁለቱ ታሪክ አንድ ነው አልልም፤ ዓላማቸውም ዘመናቸውም ይራራቃል። ነገር ግን አንዱን ሰው በሁለት ስም፣ በሁለት አጠራር መተረክ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ የቀደሙት ጸሐፊዎችም ያውቁት ነበር።

የክብር ተውላጠ ስም ግን ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቅጣትም ይሆናል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ «ግርማዊነታቸው» የሚለው አጠራር አብሮ ወረደ፤ በብዙ አንደበትም «ተፈሪ» የሚለው ስም ያለ ማዕረግ ተመለሰ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ትናንት «ጓድ ፕሬዚዳንት» የተባሉት ብዙ ሳይቆይ «እሱ» ሆኑ። ሹም ሲወርድ ተውላጠ ስሙም ይወርዳል፤ እንደ ክብሩ ሁሉ ውርደቱም እስከ አንቀልባ ይደርሳል። በዚህ ልማድ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ስለ ሟቹ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ዘመኑ ጌቶች የሚነግረን ይበልጣል። «እሱ» ብሎ መጻፍ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ሕዝብ የሚወደውን ድምፃዊና ሯጭ «እሱ» ይላል፤ ባለቅኔ ባለቅኔን «አንተ» ይላል። ጥፋቱ ቃሉን እንደ ደመወዝ መስጠትና እንደ ደመወዝ መቁረጥ ነው።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። በየካ ተራራ ግርጌ አንዲት አረጋዊት መነኩሲት ይኖራሉ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በመድረክ ላይ በሌላ ስም ይታወቁ ነበር፤ በዚያ ስም የታተሙ የቴአትር ማስታወቂያዎች ዛሬም በሰዎች እጅ ይገኛሉ። ወጣቶቹ ስለ እርሳቸው አጭር የሕይወት ታሪክ አዘጋጅተው እንዳየው ሰጡኝ። ርእሱ የመድረክ ስማቸው ነበር። የመጨረሻዋ መስመር «በኋላም መነኮሰች» ትላለች።

ከወጣቶቹ አንዱ የመድረኩን ስም አጥብቆ ያዘ። «ሕዝብ የሚያውቃት በዚህ ነው፤ በሌላው ስም ማን ይፈልጋታል?» አለ። ሁለተኛዋ ደግሞ የምንኵስናን ሥርዓት ታውቃለችና ተቃወመችው። ቆብ የሚደፋ ሰው የሙት ጸሎት፣ ግንዘቱ ሳይቀር፣ በቁሙ ይደገምለታል፤ ለዓለም ሞቶ በአዲስ ስም ይነሣል። «ስለዚህ የድሮውን ስም መጥራት የተቀበረውን መቆፈር ነው፤ ጨርሶ ይውጣ» አለች። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ባለቤቲቱን አልጠየቁም።

አብረን ሄደን ጠየቅናቸው። እማሆይ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው አዳመጡንና፣ «ልጆቼ፣ ያችን ሴት አልካድኳትም» አሉ። «እንጀራዬን አብስላልኛለች። ሠርታ ያለፈችውን ጻፉላት። እኔን ግን በእሷ ስም አትጥሩኝ፤ አቤት የምለው በዚህኛው ነው።» ስለ ተውላጠ ስሙ ስናነሣባቸው ሳቁ። «እግዚአብሔርንም አንተ ነው የምንለው፤ አንቺ ብትሉኝ ምን እከፋለሁ?» አሉና ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «አብሮኝ ለተጫወተውስ ምን ብላችሁ ጻፋችሁ?»

ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያው ቴአትር ባል ሆነው የተጫወቱት ተዋናይ የሕይወት ታሪክ ቀደም ብሎ ተጽፏል። «ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ተወኑ» ይላል። ዕድሜያቸው እኩል፣ ሚናቸው እኩል፣ መድረካቸው አንድ ነው። እርሱ በ«እርሳቸው»፣ እርሷ በ«እሷ» ተጽፈዋል። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው አይደለም፤ ያው የሁለቱም ታሪክ ጸሐፊ ነው፤ ክፋትም አልነበረበትም። ዐዝማሪንና ተዋናይትን ዝቅ አድርጎ የሚያይ የቆየ ልማድ በብዕሩ ውስጥ አልፎ ሄደ እንጂ። ቆቡን ባይደፉ ኖሮ፣ የክብር ተውላጠ ስም የሚገባቸው መሆኑን ለመጠየቅ እንኳ ማንም ባልተነሣ ነበር።

ለዚህም ነው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወት እንደ ምሳሌ የሚረዳን። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሆነው ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፤ በወረራው ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር በጣሊያን ደሴት ታሰሩ፤ ካይሮ ላይ ሙዚቃ አጠኑ። ከዚያም ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ፤ ጽጌ ማርያም የተባሉትም ያኔ ነው። የፒያኖ ሥራቸው መጀመሪያ በሸክላ የታተመው በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ሲሆን፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የሥራዎቻቸው ስብስብ ፈረንሳይ ላይ ሲወጣ ዓለም በስፋት ሰማቸው። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ዐረፉ። ዓለም የሚያውቃቸው እማሆይ ብሎ ነው፤ የእምነት መጠሪያቸውን ከሙዚቃቸው አልለየውም። የውብዳርም አልተሰረዘችም፤ ያለ የውብዳር ቫዮሊን የጽጌ ማርያም ፒያኖ ከየት እንደመጣ አይታወቅምና። ስሙ ሁሉ በቦታው አለ፤ ርእሱ ግን እርሳቸው የመረጡት ነው።

ወጣቶቹም በዚሁ መንገድ ሄዱ። የየካዋን እናት ታሪክ በምንኵስና ስማቸው ከፈቱት፤ የመድረኩን ስም በመጀመሪያው አንቀጽ ከነዘመኑ አሰፈሩት፤ በመድረኩ ስም የሚፈልጋቸው አንባቢም ወደ አዲሱ ርእስ እንዲመራ አደረጉ። ኢንሳይክሎፒዲያው የቀደመውን ጽሑፍ ሁሉ በታሪክ መዝገቡ ስለሚያቆይ፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠም ተጽፎ ይኖራል። ተውላጠ ስሙን በተመለከተ ረዥም ክርክር ተደረገ። አንደኛው ወገን ለሁሉም «እሱ» እና «እሷ» ይሁን፣ ኢንሳይክሎፒዲያ እጅ መንሻ ቤት አይደለም አለ። ሌላው ወገን ለአረጋዊና ለሟች «እርሳቸው» የቋንቋው ወግ ነው አለ። እኔ በልቤ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ነገር ግን አንደኛው ቢጸናም አልቃወምም። የምቃወመው በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሚዛን ሲያዝ ነው።

ቴአትር ጸሐፊ እንደመሆኔ አንድ ነገር አውቃለሁ። ገጸ ባሕርይ ሌላውን «አንቱ» ሲል ቆይቶ ድንገት «አንተ» ያለ እንደሆነ፣ ሰይፍ ሳይመዘዝ በመድረኩ ላይ ደም ይፈሳል። ተመልካቹ ያውቀዋል፤ ከመቀመጫው ይነቃነቃል። በሕይወት ታሪክ ውስጥ ግን ይህ ለውጥ ሲፈጸም የሚነቃነቅ የለም፤ የተጻፈበት ሰው ወይ ሞቷል፣ ወይ በተራራ ግርጌ ጸሎቱን ይዟል። ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ የጸሐፊው ዕዳ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያሰቧቸው የኋላ ዘመን ልጆች ዛሬ ብዕሩን ራሳቸው ይዘዋል። ሦስት ነገር ብቻ ብጠይቃቸው የበዛ አይመስለኝም። ሰውን በሚያቤትበት ስም ጥሩት። የቀደመውን ስም ለማዋረጃም አታንሡት፣ ለማሳመርም አትደብቁት፤ ከነዘመኑ በቦታው አኑሩት። «እርሳቸው» ብላችሁ የጀመራችሁለትን ከሥልጣኑ ቢወርድም አታውርዱት፤ ለአንዱ የሰጣችሁትንም ከጎኗ ለቆመችው አትንፈጉ። ዕውቅናም ሹመትም ሳይኖራት ልጆች አሳድጋ ያለፈች ሴት ታሪክ የሚጻፍበት ቀን ሲመጣ፣ በዚያው ሚዛን ትመዘን።